የኋላው ፔዳል

ትርርርር... የሚል ድምፅ ከውጭ ተሰማ። ደረቅ ሸምበቆ ላይ የሚንሸራተት ነገር ነው፤ ጣት ወይ ቀጭን እንጨት። ጥቂት ሄዶ ቆም አለ። ከዚያ እንደገና ትርርርር...

ኤቮዲዮ የጫማውን ማሰሪያ እያሰረ ነበር። እጁ ባለበት ቀረ፤ ጆሮው ወደ አጥሩ ዞረ።

"መጣ?" አለ በሹክሹክታ።

"መጣ እንጂ!" አበልጁ ኩኮ በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቆ ያያል። "እንደ ልማዱ ነዋ። በአንድ እጁ ብስክሌቱን ይገፋል፣ በአንድ እጁ አጥርህን ከዳር እስከ ዳር ይዳብሳል። እየለካ ነው አበልጄ። በእርምጃ እየለካው ነው።"

"ቆም ያለውስ?"

"ማዕዘኑ ጋ ደርሶ ነዋ! ማዕዘኑ ላይ ሲደርስ ይቆምና ይታጠፋል። ያንን ጥቁር መነጽሩን ደንቅሮ፣ ዓይኑ የት የት እንደሚል እንኳ አያስታውቅ። ምን ልበልህ፣ መሐንዲስ በለው።"

ኤቮዲዮ ማሰሪያውን ከሚገባው በላይ ጠበቅ አድርጎ ቋጠረው።

ከትንሿ ከተማ ከሳን ሮኬ ወጣ ብሎ፣ ከድሮው የባቡር መስመር ዳር ያለችውን ይቺን መሬት የወረሰው ከአባቱ ነው። ጥቂት የማንጎ ዛፎች፣ የዶሮ ቤትና ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለባት። ባቡሩ በሚያልፍበት ዘመን ጥላሸቱና ጩኸቱ ስለማያስቀምጥ በነፃ ቢሰጡት የሚወስዳት አልነበረም። ባቡሩ ቀረ። ሐዲዱ ላይ ሣር በቅሎ፣ ፍየል ሲግጥበት ስንት ዘመን ከኖረ በኋላ መንግሥት ብረቱን ነቅሎ፣ ደቃቅ ጠጠር አፍስሶ የብስክሌት መንገድ አደረገው። ሰው እስከ ዛሬ "ሐዲዱ" ነው የሚለው። እሁድ እሁድ ከትልቁ ከተማ ከጓዳላሃራ የሚመጣ ሰው ይጎርፍበታል። መጀመሪያ ውሃ ለመኑ። ቀጥለው ማንጎ ገዙ። ከዚያ "ይቺን ቦታ አይሸጧትም?" ማለት መጣ።

ባሏ ሞቶባት ብቻዋን የቀረችውን የሉቻን ነገር ያልሰማ የለም። አንድ ጨዋ ወጣት ለወራት እየተመላለሰ፣ ባቄላዋን እየበላ፣ የጣራዋን ቀዳዳ እየደፈነ፣ "እናቴ" እያለ ቆየና አንድ ቀን አውራ ጣቷን ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ አሳረፈው። የውሃ መስመር ማመልከቻ መስሏት ነበር። ዛሬ በቤቷ ቦታ ላይ ትልልቅ ጃንጥላ ተተክሎ ለብስክሌተኛ ቡና ይሸጣል። እሷ እህቷ ጓሮ ውስጥ ባለች ክፍል ትኖራለች።

ኤቮዲዮ ደግሞ አያይም። ዕድሜውን ሙሉ በከባድ መኪና ሸንኮራ አገዳ ወደ ፋብሪካ ሲያመላልስ ኖሮ ዓይኑን ስኳር በሽታ ወሰደበት። በዚህ ነገር ሰው ይቀልዳል፤ አንደኛው ቀላጅ ራሱ ኤቮዲዮ ነው።

"እንግዲህ እንደተባባልነው ነው፣" አለ ኩኮ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ። "መንገድ ላይ 'ልሸጠው አስቤያለሁ' በለው። ከነዚያ ሰዎች ወገን ከሆነ ምላሱ ሲወጣ ታያለህ።"

"አያለሁ?"

"ትሰማለህ እሺ! እኔ ዶኛ ሬሜን ይዤልህ እመጣለሁ። ስትመለሱ እዚሁ በር ላይ፣ ፊት ለፊቱ ትነግራታለህ። ከክበቡ አሽቀንጥራ ትጥለዋለች።"

"እኔስ?"

"አንተ ምን?"

ዶኛ ሬሜዲዮስ የምትመራው ክበብ ማየት የማይችሉትን ሰዎች በሁለት ሰው ብስክሌት ያንሸራሽራል። የሚያየው ከፊት ይነዳል፣ የማያየው ከኋላ ይረግጣል። አጥሩን ከሚዳብሰው ከአሁኑ ነጂው ከሊሳንድሮ በፊት የነበረው "ይሄን ሰውዬ ስጎትት ወገቤ ተቆረጠ" ብሎ ነው የቀረው። ሌላም ፈቃደኛ አልተገኘም። ኤቮዲዮ ያን ጊዜ እሁድን እንዴት እንዳሳለፈ ዶሮዎቹ ያውቃሉ። አሁን ሊሳንድሮ ከተባረረ ወደዚያው መመለሱ ነው። ቢሆንም መሬት መሬት ነው። ከሄደች የምትመለስ አይደለችም።

በሩ ተንኳኳ።

"ዶን ኤቮ! ተዘጋጁ?"

"ና ግባ!" አለ ኤቮዲዮ ድምፁን ደስ ያለው አስመስሎ። "ዛሬ ደግሞ ከምኔው ደረስክ?"

"በሐዲዱ ሳይሆን በአጥርዎ ጥግ ጥጉን መጣሁ።"

ኩኮ ኤቮዲዮን በክርኑ ጎሸም አደረገው።

* * *

የሁለት ሰው ብስክሌት ላይ አራቱ ፔዳሎች በካቴና የተያያዙ ናቸው። የፊተኛው እግሩን ካቆመ የኋለኛውም ሳይወድ ይቆማል። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠ ሰው የፊተኛውን ሐሳብ በእግሩ ይሰማዋል። ሲደክመው፣ ሲፈራ፣ ቆንጆ ሴት ስታልፍ፣ ሁሉም በፔዳሉ በኩል ይመጣል።

"ጉብታ!" ይላል ሊሳንድሮ፤ ኤቮዲዮ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ይላል። "ግራ!" ይላል፤ አብረው ዘንበል ይላሉ። "ውሻ!" ሲል ደግሞ ኤቮዲዮ እግሩን ወደ ላይ ይሰበስባል፤ ውሻው ግን ብዙ ጊዜ ተኝቶ ነው የሚገኘው።

"አየሩ እንዴት ነው?" አለ ኤቮዲዮ።

"ጥርት ያለ ነው። ሸንኮራውን በዚህ በኩል ቆርጠውታል። ተራራው ይታያል። ያሳዝናል ዶን ኤቮ፣ ቢያዩት..."

"እኔ ከዚህ ተቀምጬ ዓይኔ ቢበራም የማየው ያንተን መቀመጫ ነው። ምንም አልቀረብኝም።"

ሊሳንድሮ ከልቡ ሳቀ። ለስለስ ያለ ድምፅ ያለው፣ ጓዳላሃራ ባለ ስልክ መጠገኛ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ሲስቅ ሰው ያምነዋል። ኤቮዲዮን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነው። ሉቻን ያታለላት ወጣትም ሲስቅ ደስ ይል ነበር ይባላል።

ጥያቄ ያበዛል። መጀመሪያ አካባቢ ትንንሽ ነገር ነበር የሚጠይቀው። ሸሚዝዎን በምን ይለያሉ? ቡና ሲቀዱ ሲኒው መሙላቱን እንዴት ያውቃሉ? የጋለ ምድጃ ሳይነኩ የት እንዳለ እንዴት ያገኙታል? ኤቮዲዮም ደስ እያለው፣ በውስጥ እጅ ሳይሆን በጣት ጀርባ ቀስ ብሎ መዳበስ እንደሚሻል፣ የጣት ጀርባ ቢቃጠል እንኳ ሥራ እንደማያስፈታ አስረድቶታል። ባለፈው እሁድ ግን እንዲህ አለው፦

"ዶን ኤቮ፣ ወረቀት ሲፈርሙስ? መስመሩ የት እንደሆነ በምን ያውቃሉ? የተጻፈውንስ ማን ያነብልዎታል?"

ያን ቀን ኤቮዲዮ ምሳውን በቅጡ አልበላም።

ሌላም ነገር አለ። ከመንገዱ ግማሽ ላይ ትልልቅ ዛፎች ግራና ቀኝ ገጥመው ጣራ የሠሩበት ቦታ አለ፤ ፀሐዩ ከቆዳው ላይ ጥፍት ሲል ኤቮዲዮ ያውቀዋል። እዚያ ሲደርሱ ሁልጊዜ የሊሳንድሮ እግር ይላላል። አንድ ትንፋሽ እስኪስቡ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ እየተጠነቀቀ ይረግጣል። ኤቮዲዮ ብዙ ቀን አስቦበታል። እዚያ ዛፍ ሥር ቆሞ ምልክት የሚሰጠው ሰው አለ ባይ ነው።

ዛሬም ፀሐዩ ጥፍት አለ። እግሩም ላላ።

"ማን አለ እዚያ?" አለ ኤቮዲዮ ድንገት።

"የት?"

"እዚህ ዛፉ ሥር።"

ሊሳንድሮ፣ "ማንም የለም... መሰለኝ፣" አለ።

መሰለኝ! ዓይን ያለው ሰው መሰለኝ ይላል? ኤቮዲዮ ከንፈሩን ነከሰ። ጊዜው አሁን ነው አለ በሆዱ።

"እኔማ ቦታዋን ልሸጣት ነው እያልኩ ነው።"

ጆሮውንም እግሩንም አቀና። ፔዳሉ አልተዛነፈም፤ እንደነበረው ዞረ።

"ለምን?" አለ ሊሳንድሮ።

"ምን አደርግባታለሁ? ጥሩ ዋጋ የሚሰጥ ከተገኘ..."

"አይሽጡ፣" አለ ልጁ። ድምፁ ቁጣ ቢጤ ነበረበት። "እዚያ ቤት ውስጥ እያንዳንዱን ጥግ ያውቁታል። የበሩ ጉበን፣ የውሃው በርሜል፣ ሁሉም በእጅዎ ነው። ሌላ ቤት ገብተው ከየት ነው የሚጀምሩት? እንደ ሕፃን ሊሆኑ ነው እኮ።"

ኤቮዲዮ ለአፍታ ግራ ገባው። ከዚያ ይበልጥ ፈራ። ይሄስ ከነዚያም የባሰ ነው አለ። መጀመሪያ አትሽጥ ብሎ ልብህን ይገዛል፤ አንተም "ይሄማ ለኔ ያሰበ ነው" ብለህ ወረቀትህን በእጅህ ትሰጠዋለህ።

ድሮ ባቡሩ ያልፍበት የነበረው ዋሻ ጋ ሲደርሱ ሊሳንድሮ ፍሬን ያዘ።

"እንውረድ። በእግር እንለፍ።"

"ሁልጊዜ በእግር?"

"የክበቡ ሕግ ነው፤ ዋሻ ውስጥ መንዳት አይቻልም።"

ወረዱ። ሊሳንድሮ በግድግዳው ጥግ ብስክሌቱን እየገፋ፣ ኤቮዲዮ የኋላውን ኮርቻ ይዞ፣ በእርጥቡ ጨለማ አለፉ።

* * *

መመለሻቸው የሆነችው መንደር ሎስ ፖሶስ፣ በድሮ ባቡር ጣቢያዋ ቆርቆሮ ጣራ ሥር እሁድ እሁድ ገበያ ትመስላለች። የኤቮዲዮ ልጅ ኦዲሊያ እዚያ ተሁዊኖ ትሸጣለች፤ ከበቆሎ የተጠመቀ ጎምዘዝ ያለ መጠጥ ነው፣ ሎሚና ጨው ገብቶበት ከበረዶ ጋር ይጠጣል። ሊሳንድሮ ብስክሌቱን ውጭ ፀሐዩ ላይ ሊያቆም ሲሄድ አባቷን ክንዱን ይዛ ወደ ውስጥ ወሰደችው።

"ይሄ ነጂህ ጥጋበኛ ነው አባዬ።"

"ምን አደረገሽ?"

"ምንም! ችግሩም እሱ ነው። ባለፈው እሁድ እዚህ ጣራው ሥር ሲገባ ፊቱ ቆሜ 'ሰላም ሊሳንድሮ' ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እጄን ዘርግቼ ቀረሁ! ጥሎኝ አለፈ። ሰው ሁሉ እያየኝ። ደግሞ ሲሄድ የዚያችን ሴትዮ ኩባያ ደፍቶ፣ 'ይቅርታ' ያላት እኮ ሌላዋን ነው።"

"ዓይንሽን ማየት አቅቶት ነው፣" አለ ኤቮዲዮ ቀዝቀዝ ብሎ። "ተንኮል ያለበት ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት ይከብደዋል።"

"ምን ተንኮል?"

"ተይው። ስሚ፣ ያ ዋሻ ውስጥ መንዳት ክልክል ነው?"

"ማን ነው ያለህ?"

"የክበቡ ሕግ ነው ይላል።"

ኦዲሊያ ሳቀች። "የምን ሕግ? የክበቡ ሰዎች እኮ ናቸው እዚያ ዋሻ ውስጥ እየጮኹ የሚያልፉት! ያቺ ዓይነ ስውሯ ቴሬ ከነጂዋ ጋር እየዘፈነች ነው የምትወጣው። 'ከመንገዱ ሁሉ የምወደው ዋሻውን ነው' ትለኛለች።"

ኤቮዲዮ ኩባያውን ሳይጨርስ መለሰላት። ጥርጣሬው እስካሁን እንደ ጭስ ይሆንበት ነበር፤ ይሄ ግን የሚጨበጥ ውሸት ነው። ይህን በዋሸ ቁጥር ደግሞ ዋሻው ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ለምን? እዚያ ምን ሊያደርግ አስቦ ነው?

* * *

በመልሱ ጉዞ ሊሳንድሮ "ጉብታ"፣ "ቀኝ" ከማለት በቀር አልተናገረም። ዋሻው ጋ ሲደርሱ እንደ ልማዱ ፍሬን ያዘ።

"እንውረድ ዶን ኤቮ።"

"አልወርድም።"

"ሕግ ነው እኮ..."

"ውሸታም!" ኤቮዲዮ እግሩን መሬት አስነክቶ ተቀምጦ ቀረ። "ቴሬ እየዘፈነች ነው የምታልፈው። ሕግ የለም። ማን ነው የላከህ?"

"ምን?"

"ማን ነው የላከህ ነው የምልህ! የሉቻን ቤት የበሉት ሰዎች ናቸው? አጥሬን ለምንድን ነው የምትለካው? ፊርማዬ ምን አደረገህ? ወረቀት ማን እንደሚያነብልኝ ማወቅ ምን ይረባሃል? አንተ ዕውር አግኝቼ ልጫወትበት ብለህ ከሆነ እኔ የሸንኮራ መኪና ሾፌር ነኝ፣ ሰምተሃል? ከአንተ ከበለጡ ሌቦች ጋር ነው ያረጀሁት!"

ኤቮዲዮ ከኮርቻው ወርዶ የዋሻውን ግድግዳ በእጁ ፈለገና ብቻውን ወደ ውስጥ መራመድ ጀመረ።

"ዶን ኤቮ! ቆዩ!"

"አንተ እንዳሰኘህ ሁን። እኔ ቤቴን አላጣውም።"

የልጁ ጫማና የብስክሌቱ ጎማ ከኋላው ተከተሉ። ኤቮዲዮ ጆሮውን ጣለ። እርምጃው ደስ አይልም፤ አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። ድንጋይ አደናቀፈው፣ ተንገዳገደ። ብስክሌቱ ወደ ዳር ወደቀበት፤ ብረቱ ጓ ብሎ አስተጋባ። ሊሳንድሮ ተሳደበ።

በዚያን ጊዜ ከወዲያኛው የዋሻው አፍ ፉጨትና ጩኸት መጣ። ብስክሌተኞች ናቸው፣ ብዙ ናቸው፣ ይበርራሉ። ዋሻው መሃል ላይ ስለሚታጠፍ እስኪደርሱ ድረስ አይተያዩም። ኤቮዲዮ ጀርባውን ከግድግዳው ጋር አጣበቀ። ልጁ የት አለ? ድምፁን ፈለገ። መሃል መንገድ ላይ ነው።

"ወደ ግድግዳው!" አለ ኤቮዲዮ። "መጡብህ እኮ! ወደ ግድግዳው!"

"የቱ ጋ ነው? ግድግዳው የቱ ጋ ነው?"

ኤቮዲዮ ሳያስብ እጁን ወረወረ። ሸሚዝ ያዘ። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ንፋሱ ፊታቸውን ገርፎ አለፈ፣ የአንዱ ብስክሌት መሪ የሊሳንድሮን ክንድ ላጠው፣ አንዱ ብስክሌተኛ እየሄደ፣ "አንተ ዕውር ነህ እንዴ!" ብሎ ጮኸ። ጓደኞቹ ሳቁ። ሳቁ በዋሻው ውስጥ እየተንከባለለ ሄዶ ጠፋ።

ሁለቱም ግድግዳው ላይ ተለጥፈው ቆሙ። ውሃ ከጣራው ይንጠባጠባል። ኤቮዲዮ አሁንም የልጁን ሸሚዝ እንደጨበጠ ነው። ከዚያ በሌላኛው እጁ አጠገብ፣ እርጥቡ ድንጋይ ላይ፣ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ተሰማው። የሊሳንድሮ እጅ ነው፤ ግድግዳውን እየፈለገ ነው። በውስጥ እጁ አልነበረም። በጣቶቹ ጀርባ ነበር፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚፈራ፣ ልክ የጋለ ነገር እንዳለ።

ኤቮዲዮ ሸሚዙን ለቀቀው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ።

ሊሳንድሮ አፍንጫውን ሳበ። "ማታ ማታ ድሮም አያሳየኝም ነበር። አሁን ከጎንና ከጎን እየጠበበ ነው። ፊት ለፊቴን፣ ፀሐይ ካለ፣ አያለሁ። ጥላ ሲሆን ነው የሚጠፋብኝ። ጨለማማ... መብራት ባበራ እንኳ የሳንቲም ያህል ክብ ነው የሚታየኝ።"

"ሐኪም ምን አለ?"

"ቀስ በቀስ ነው አለ። ቀስ በቀስ ማለት ስንት ጊዜ እንደሆነ አልነገረኝም።"

"እናትህስ?"

"ማንም አያውቅም። ሱቅ ውስጥ ብሎን ሲወድቅብኝ ዝርክርክ ነው እያሉ ይስቁብኛል።"

"አጥሬስ?"

"ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምመጣው፣" አለ ልጁ። "ከማዕዘኑ እስከ በርዎ። ሳልገልጥ መድረስ እችል እንደሆነ ብዬ ነው።"

ኤቮዲዮ ሊስቅ ፈለገ። ወዲያው ደግሞ ቁጣው ተመለሰ።

"እና በዚህ ዓይንህ ነው እኔን በዚያ ገደል ላይ ባለው ድልድይ ስታበርረኝ የከረምከው? ሽማግሌ ጭነህ?"

"ድልድዩ ላይ ፀሐይ ነው፣ አያለሁ። ዛፎቹ ጋ ብቻ..."

"ዛፎቹ ጋ እግርህ ይላላል። አውቃለሁ።"

"ያውቃሉ?"

"እኔ እኮ እዚያ ሰው የሚጠብቅህ መስሎኝ ነበር! አንድ ቀን ገደል ብትከተኝስ? እኔን የሚያህል ሰው ከየት ታመጣለህ?"

"ዛሬ የመጨረሻዬ ነው፣" አለ ሊሳንድሮ። "እምልልዎታለሁ። ከሳምንታት በፊት ማቆም ነበረብኝ። ግን ማንን ልጠይቅ ነበር? ሸሚዙን፣ ቡናውን፣ ፊርማውን... ማን ነው የሚነግረኝ?"

ብስክሌቱን አብረው ከመሬት አነሡት። ከዚያ ኤቮዲዮ የልጁን እጅ ይዞ በራሱ ክርን ላይ አኖረው።

"እንደዚህ ነው የሚያዘው፣" አለ። "አትጨብጠኝ፣ እኔ አልሸሽህም። ግማሽ እርምጃ ከኋላዬ ሁን። ስዞር ይሰማሃል።"

በዚያ ሁኔታ ከዋሻው ወጡ። ፀሐዩ ላይ ሲደርሱ ሊሳንድሮ እጁን ከክርኑ አነሣ። ጥቂት በእግር ሄዱ፤ ኤቮዲዮ ጉልበቱን አመመው።

"ብስክሌቱ ላይ ውጣ በቃ። በቀስታ። ዛፎቹ ጋ ስንደርስ እኔ እነግርሃለሁ።"

ወጡ። ዛፎቹ ጋ ፀሐዩ ከቆዳው ሲጠፋ ኤቮዲዮ "ጥላ!" ብሎ ጮኸ፤ የሁለቱም እግር አንድ ላይ ላላ። ከኋላ ጎማ ሲሰማ "በግራ፣ ሁለት ናቸው!" አለ። ሊሳንድሮ ወደ ቀኝ ጠጋ። እንዲህ እየተባባሉ፣ አንድም ሌላ ወሬ ሳያወሩ፣ ሳን ሮኬ ደረሱ።

* * *

በሩ ላይ ኩኮና ዶኛ ሬሜዲዮስ ቆመው ይጠብቁ ነበር። የሴትዮዋ ሽቶ ከሩቅ ይታወቃል።

"ዶን ኤቮዲዮ፣ ኩኮ የምትነግረኝ ነገር አለ ብሎ ከምሳዬ አስነሥቶ አመጣኝ። ምንድን ነው?"

ኤቮዲዮ ከኮርቻው ወረደ። ሄልሜቱን አወለቀ።

"ምንም የለም፣" አለ።

"ምንም የለም?" ኩኮ ጮኸ። "ምን ማለት ነው ምንም የለም? አበልጄ፣ አትፍራው፣ እኔ አለሁ! ዶኛ ሬሜ፣ እኔ ልንገርሽ። ይሄ ልጅ ሌባ ነው። የሰውየውን መሬት እሁድ እሁድ በእርምጃ ይለካል። በዚህ በዓይኔ ነው ያየሁት! በሉቻ ላይ ያደረሱትን ሊያደርሱበት ነው። ወረቀት እንዴት እንደሚፈርም ሁሉ ጠይቆታል! ጠይቀሃል አልጠየቅክም?"

"ጠይቄያለሁ፣" አለ ሊሳንድሮ።

"ሰማሽ! በአፉ!"

"መሬቱንስ ለክተሃል?" አለች ዶኛ ሬሜ። ድምፅዋ ተለውጧል።

ሊሳንድሮ ዝም አለ። አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ነፃ ይወጣ ነበር። ነገ ግን ያ ቃል ሳን ሮኬን ዞሮ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ጓዳላሃራ ይገባል፤ ሱቁ ጋ ይደርሳል፣ እናቱ ጋ ይደርሳል። ልጁ መርጧል። ኤቮዲዮም የሚመርጠው ነገር እንዳለ ገባው።

"ለካልኝ ያልኩት እኔ ነኝ፣" አለ።

"ማን? አንተ?" አለ ኩኮ።

"እኔ! አጥር ላድስ ነው። ስንት ሸምበቆ እንደሚበቃ ማወቅ አለብኝ። አንተ ትለካልኝ ነበር? አንተ በቀዳዳ ከማየት በቀር ምን ታውቃለህ?"

"ጠዋት እኮ አብረን..."

"ጠዋት ጠዋት ነው። ፊርማውንም ያወራሁት እኔ ነኝ። ነገር አትፈልግ ኩኮ።"

ኩኮ አፉን ከፍቶ መቅረቱ ከአተነፋፈሱ ይታወቅ ነበር። ዶኛ ሬሜ በረጅሙ ተነፈሰች።

"ሁለት ሽማግሌዎች ምሳዬን አስተዋችሁኝ፣" አለች። "በሉ እሺ። ሊሳንድሮ፣ ይቅርታ ልጄ። የሚመጣው እሁድ በተለመደው ሰዓት ነው አይደል?"

ሄልሜት መሪው ላይ ሲንጠለጠል፣ ማሰሪያው ብረቱን ሲነካ ተሰማ። ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ቀጥሎ ጠጠር ላይ እርምጃ፣ ወደ ከተማው አቅጣጫ፣ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር እያለ።

"የት ነው የሚሄደው?" አለች ዶኛ ሬሜ። "ሊሳንድሮ! ብስክሌቱንስ? ማን ነው ወደ መጋዘን የሚመልሰው? ምን ሆነ ይሄ ልጅ?"

"አላልኳችሁም?" አለ ኩኮ ነፍስ ዘርቶ። "ሌባ ባይሆን ይሄዳል?"

"ዶን ኤቮዲዮ፣ ንገረኝ እንጂ። ሌላ ነጂ ልፈልግልህ?"

"አትፈልጊ።"

"እና እሁድህን ምን ልታደርግ ነው?"

ኤቮዲዮ በትሩን ከበሩ ኋላ አንሥቶ ወጣ። ከተማው ድረስ ባለው በዚያ መንገድ ላይ እሁድ ቀን፣ ብስክሌት ሁሉ በሚበርርበት ሰዓት፣ ብቻውን ሄዶ አያውቅም። የጠጠሩ ጠርዝ ከሣሩ የሚለይበትን ቦታ በበትሩ አገኘ። ጆሮውን ቀና አደረገ፤ የሊሳንድሮ እርምጃ ገና አልራቀም።

"አበልጄ! ወዴት ነው?" አለ ኩኮ ከኋላው። "ኤቮ! ወዴት ነው የምትሄደው?"

ኤቮዲዮ ሳይዞር የልጁን እርምጃ ተከትሎ ሄደ።